ጾም የእድገት ሆርሞን ይጨምራል፤ ቁመት ግን አይጨምርም

ጥያቄው ባሕር ዳር ከሚኖሩ አንዲት እናት የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ከክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ያጥራል። ሯጭ መሆን ይፈልጋል። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ ሐይቁ ዳር ይሮጣል። በሁዳዴ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል። አንድ የጂም አሠልጣኝ ‹መራብ የእድገት ሆርሞን ይጨምራል፣ ቁመት ታወጣለህ› ብሎታል። ይኸው አሁን ጾም በሌለበት ቀን እንኳ ቁርስ አልበላም ይለኛል። ስልኬ ላይ ፈልጌ ሳነብ የአሠልጣኙ ነገር እውነት መሰለኝ። እኔን እናቴ ያሳደገችኝ ግን ‹ያልበላ አያድግም› እያለች ነው። የቱን ልመን? ለራሴም አንድ ጥያቄ አለኝ። በጾም 6 ሰዓት ላይ ሆዴ ይጮሃል። 8 ሰዓት ሲሆን ግን ረሃቡ ጭራሽ ይጠፋል። ሳልበላ የት ሄደ?»

እህቴ፣ አሠልጣኙ የነገረው ግማሹ እውነት ነው። በረሃብ ጊዜ የእድገት ሆርሞን ይጨምራል፤ ይህ ተለክቶ የታየ ነገር ነው። ጤነኛ አዋቂዎች ለሁለት ቀን ምግብ ሳይቀምሱ ሲቆዩ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያመነጩት የእድገት ሆርሞን ከተለመደው አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ቁመት ግን በዚህ መንገድ አይመጣም። እናትዎ ልክ ናቸው። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ለማየት ከሆድ ተነስተን ራስ ቅል ድረስ መሄድ፣ ከዚያ ተመልሰን ጉበት ጋ መቆም አለብን። ትንሽ ይታገሡኝ።

ከእርስዎ ሆድ ልጀምር። ጨጓራ ቅል ቢጤ ነው፤ ከላይ በኩል ጉልላት የመሰለ ክፍል አለው። በዚያ ጉልላት ግድግዳ ውስጥ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን የሚሠሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ተበትነው ይገኛሉ። ግሬሊንን ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ያስቡት። 28 ዶቃዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ዶቃ አንድ አሚኖ አሲድ ነው። ሦስተኛው ዶቃ ላይ አንዲት አጭር የቅባት ጭራ ተንጠልጥላለች። ስምንት ካርቦን ብቻ ያላት ናት። ጭራዋ ከሌለች ግሬሊኑ በደም ውስጥ ይዞራል እንጂ የሚፈልገው በር፣ ማለትም ሕዋስ ላይ ያለው መልእክት መቀበያ፣ ላይ ደርሶ ማንኳኳት አይችልም። ይህችን ጭራ የሚያያይዘው ኢንዛይም የእንግሊዝኛ ስሙ ሲያጥር «ጎት» ይባላል፤ ፍየል ማለት ነው። ተመራማሪዎችም አንዳንዴ ቀልድ ያምራቸዋል።

ግሬሊን ከምግብ ሰዓት በፊት ይወጣል፤ ወደ እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ሲበሉ ይወርዳል። አስገራሚው ግን ምግብ ባይመጣም መውረዱ ነው። ጨጓራ ልማድ ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ 6 ሰዓት ላይ ምሳ የሚበላ ሰው ግሬሊኑ ወደ 6 ሰዓት ገደማ ይነሳል፤ ጾም መሆኑን ማንም አልነገረውማ። ከአንድ ቀን በላይ ምንም ሳይበሉ በቆዩ ሰዎች ላይ ደማቸው በየጊዜው ሲለካ፣ ግሬሊን በተለመዱት የምግብ ሰዓቶች ከፍ እያለ፣ ሰዓቱ ሲያልፍ በራሱ ጊዜ ሲወርድ ታይቷል። ስለዚህ 8 ሰዓት ላይ የጠፋብዎት ረሃብ የትም አልሄደም። ሞገዱ መጥቶ አለፈ፣ በቃ። በሁዳዴ የመጀመሪያው ሳምንት የሚከብደውና ኋላ ላይ የሚቀለው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። 55 ቀን ለጨጓራ አዲስ ሰዓት ለማስተማር በቂ ነው።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ግሬሊን በደም ተጉዞ ከሚያንኳኳቸው በሮች ዋናው ራስ ቅል ውስጥ ነው። ከአፍንጫዎ ሥር ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ቢገቡ፣ በአንጎል ግርጌ አንዲት የአጥንት ጉድጓድ ያገኛሉ። ቅርጿ ኮርቻ ስለሚመስል ሐኪሞች የቱርክ ኮርቻ ይሏታል። ኮርቻው ላይ የተቀመጠችው ፒቱታሪ ዕጢ የአተር ፍሬ ታክላለች። ክብደቷ ግማሽ ግራም ቢሆን ነው። ከበላይዋ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል አለ፤ ሁለቱን ቀጭን ግንድ ያገናኛቸዋል። ሃይፖታላመስ ያዛል፣ ፒቱታሪ ትፈጽማለች። የፊተኛው ክፍሏ ስድስት ዋና ዋና ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃል። ከስድስቱ አንዱ የልጅዎ አሠልጣኝ የሚያወራለት የእድገት ሆርሞን ነው።

የእድገት ሆርሞን እንደ ቧንቧ ውኃ ዝም ብሎ አይፈስም። ቋ እያለ፣ በየተራ ነው የሚለቀቀው። ሃይፖታላመስ ልክ እንደ ባጃጅ ነጂ በአንድ እጁ ነዳጅ ይሰጣል፣ በእግሩ ፍሬን ይይዛል። ነዳጁ ፒቱታሪን «ልቀቂ» የሚል መልእክት ነው። ፍሬኑ ደግሞ ሶማቶስታቲን የሚባል ሌላ ሆርሞን ነው። ግሬሊን ሲመጣ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ያደርጋል። ነዳጅ ሰጪዎቹን የነርቭ ሕዋሳት ይቀሰቅሳል። የፍሬኑን ጉልበት ያላላል። ሦስተኛ፣ ነጂውን አልፎ ራሷን ፒቱታሪን በቀጥታ ያንኳኳል። ከነዳጁ ጋር አብሮ ሲመጣ ደግሞ ውጤቱ የሁለቱ ድምር ብቻ አይሆንም፤ ከድምሩ ይበልጣል። ለሰው በመርፌ ሲሰጥ የእድገት ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ ሽቅብ ይወጣል።

የግኝቱ ታሪክ ራሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ስለምወደው ላውራው። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሲሪል ባወርስ ፒቱታሪን የእድገት ሆርሞን የሚያስለቅቁ ሰው ሠራሽ ውሕዶችን ሠራ። እነዚህ ውሕዶች የትኛውን በር እንደሚከፍቱ ግን አልታወቀም ነበር። በሩ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ታዲያ ማንም በሩን በከንቱ አይሠራም፤ ሰውነት የራሱ ቁልፍ ሊኖረው ይገባል። ብዙ ሰው ቁልፉን አንጎል ውስጥ ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓናውያኑ ማሳያሱ ኮጂማ እና ኬንጂ ካንጋዋ ከባልደረቦቻቸው ጋር አይጥ ጨጓራ ውስጥ አገኙት። ከዚያ በፊት ጨጓራ ምግብ መፍጫ እንጂ ለፒቱታሪ ደብዳቤ ጸሐፊ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነው። ስሙንም ያወጡለት «ማደግ» ከሚል ጥንታዊ የቃል ሥር ነው። የረሃብ ሆርሞንነቱ የታወቀው ቆይቶ ነው።

ሐይቁ ዳር ስለሆንን አንድ የዓሣ ነገር ልጨምር። የነጭ ዓሣ ሆድ ሲከፈት ቀርበው አይተው ያውቃሉ? ልጅ ሳለሁ ዓሣ የሚያጸዱ ሰዎች አጠገብ ቆሜ ማየት እወድ ነበር። አምባዛው ሲሰነጠቅ ወፈር ያለ የጨጓራ ከረጢት ይወጣል። ነጭ ዓሣው ግን ከጉሮሮው ቀጥሎ አንጀት ብቻ ነው፤ ረጅም፣ ተጠማዝዞ የታጠፈ አንጀት። ጨጓራ የለውም። ወገኑ ሁሉ እንደዚያ ነው። የዚሁ ወገን የሆነው ወርቃማ ዓሣ፣ ቤት ውስጥ በመስታወት ዕቃ የሚቀመጠው፣ ጨጓራ ባይኖረውም ግሬሊን አለው፤ ከአንጀቱ ይሠራዋል። ፒቱታሪውንም ያዛል። ለቀረሶ ዘመዶችም ግሬሊን የእድገት ሆርሞንና ፕሮላክቲን የሚባል ሌላ የፒቱታሪ ሆርሞን ያስለቅቃል። ማለትም ይህ የሆድና የራስ ወሬ ከእኛ እጅግ የሚቀድም፣ የጥንት የጥንት ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ። እኔ እዚያ ውስጥ የለሁበትም።)

ለሌሎቹ የፒቱታሪ ሆርሞኖች ብዙ አልቆይም። ግሬሊን ኩላሊት ላይ የተቀመጡትን ዕጢዎች የሚያዘውን ሆርሞን መጠነኛ ያህል ከፍ ያደርጋል፤ በዚያም ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ትንሽ ይጨምራል። ፕሮላክቲንም እንዲሁ ትንሽ ይጨምራል። ታይሮይድን በሚያዘው ላይ ይህን ያህል ሥራ የለውም። አንዱ ግን ልጅዎን ይመለከታል። የወንድም የሴትም የመራቢያ ዕጢዎችን የሚቀሰቅሰው ኤልኤች የሚባለው ሆርሞን በግሬሊን ይቀንሳል፤ የሚለቀቅበት ምትም ይራራቃል። ሰውነት «አሁን ቤት ውስጥ እህል የለም፤ ጉርምስናም እርግዝናም ይቆዩ» እንደማለት ነው። በጣም የከሱ ሴቶች የወር አበባቸው የሚቋረጠው፣ በደንብ የማይበሉ ልጆች ጉርምስናቸው የሚዘገየው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ግሬሊን ብቻውን አይደለም፣ ሌሎችም አሉ፤ ግን እጁ አለበት። እና ልጅ በ14 ዓመቱ ቁመት የሚያወጣው በምንድን ነው? በጉርምስና ነው። አሠልጣኙ ይህቺን አልነገረውም።

እንግዲህ ጉበት ጋ ደረስን። የጥያቄዎ መልስ ያለው እዚህ ነው።

የእድገት ሆርሞን አጥንት የሚያስረዝመው በአብዛኛው በመልእክተኛ ነው። ከፒቱታሪ ወጥቶ ጉበት ይደርሳል። ጉበት ትእዛዙን ሲሰማ አይጂኤፍ-1 የሚባል ሌላ ሆርሞን ያመርታል። ይህ ነው አጥንት ጫፍ ላይ ያለችውን የማደጊያ ለስላሳ ክፍል «ተዘርጊ» የሚላት። ጉበት ግን ከመታዘዙ በፊት ጓዳውን ያያል። ምግብ ሲገባ ኢንሱሊን ይወጣል፤ ኢንሱሊን ካለ ጉበት «እህል አለ ማለት ነው» ይልና ትእዛዙን ይፈጽማል። ሰው ሲራብ ኢንሱሊን ይወርዳል። ያኔ ጉበት ለእድገት ሆርሞን የሚከፍታቸውን በሮች ይቀንሳል። ፒቱታሪ ይጮሃል፣ ጉበት አይሰማም። አይጂኤፍ-1 ይወርዳል። በደህናው ጊዜ ይኸው አይጂኤፍ-1 ወደ ላይ ተመልሶ ፒቱታሪን «ይበቃል» የሚላት እሱ ነበር። እሱ ሲጠፋ ፒቱታሪ ጭራሽ ጩኸቷን ትጨምራለች። እና ያ ከላይ ያልኩት አምስት እጥፍ ምንድን ነው? አለቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጣራ መስማት ነው፤ ሠራተኛው ግን መሣሪያውን አስቀምጧል።

ይህ በሕፃናት ላይም የታወቀ ነው። ክዋሺዮርኮር የሚባለው ከባድ የምግብ እጥረት በሽታ የያዛቸው፣ እግራቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው የሳሳ ልጆች ደማቸው ሲመረመር የእድገት ሆርሞናቸው ከፍ ብሎ የተገኘው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነው። አይጂኤፍ-1 ግን ዝቅ ያለ ነው። ከፍተኛ የእድገት ሆርሞን ይዘው አያድጉም። መብላት ሲጀምሩ ሆርሞኑ ይወርዳል፣ እነሱ ግን ያድጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። መራብ ቢያስረዝም ኖሮ የእኛ ልጆች ከዓለም አንደኛ ረጃጅም በሆኑ ነበር። ይቅርታ፣ ይህን ስጽፍ ትንሽ ይቆጨኛል።

ታዲያ ጉበት የማይሰማው ከሆነ ሰውነት ይህን ሁሉ ሆርሞን ለምን ያወጣል? ከንቱ አይደለም። የእድገት ሆርሞን ስሙ አሳሳች ነው። በረሃብ ጊዜ ሥራው ጓዳ መጠበቅ ነው። ከተከማቸው ስብ እየፈታ ለጡንቻ ይሰጣል፤ ስኳሩን ለአንጎል ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዳላስ ውስጥ፣ የኖቤል ተሸላሚዎቹ ብራውን እና ጎልድስታይን ቤተ ሙከራ የተሠራ ጥናት አለ። ያችን የቅባት ጭራ የሚያያይዘው «ፍየል» የሌላቸውን አይጦች ወሰዱ። ምግባቸውን በ60 በመቶ ቀነሱባቸው። ጤነኞቹ አይጦች ከሱ እንጂ የደም ስኳራቸውን ይዘው ቆዩ። ጭራ አልባ ግሬሊን ያላቸው ግን ሳምንት ገደማ ሲሞላ ስኳራቸው ወርዶ ሊሞቱ ደረሱ። የእድገት ሆርሞን ሲሰጣቸው ተረፉ። እንግዲህ ሆድ ለፒቱታሪ የሚልከው ደብዳቤ «አሳድጊኝ» አይልም፤ «እስከ ነገ አቆዪኝ» ነው የሚለው።

ስለ ልጅዎ አሁን በቀጥታ ላውራ። ሩጫው አያሳጥረውም። ይሩጥ፣ ደስ ይበለው። ጥፋቱ የሚመጣው ያወጣው ጉልበትና የበላው ሳይመጣጠን ወራት ሲቆይ ነው። ጾም በሌለበት ቀን ቁርስ መዝለሉን ያቁም። ሮጦ ሲመለስ ይብላ፤ ከመሮጡ በፊት አንዲት ሙዝ ብትሆንም ጥሩ ናት። ሁዳዴን በተመለከተ እኔ የሃይማኖት ሰው አይደለሁም። እያደገ ያለና በየቀኑ የሚሮጥ ልጅ ሰዓቱን ማሳጠር ይችል እንደሆነ የንስሐ አባቱን ያማክሩ። ብዙ አባቶች ስለዚህ ነገር አስተዋዮች ናቸው። እስከ 9 ሰዓት ከቆየም ከዚያ በኋላ አንዴ በልቶ አይተኛ፤ ማታም ይድገም። ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ አቮካዶ፤ ባሕር ዳር ላይ ይህ አይጠፋም። እንቅልፉንም ይጠብቁለት። ትልቁ የእድገት ሆርሞን የሚለቀቀው እንቅልፍ ከወሰደን ብዙም ሳይቆይ፣ በጥልቁ እንቅልፍ ነው። ስልክ ይዞ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት የሚያመሽ ልጅ ከጾም የበለጠ ያሳስበኛል።

አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቁት። አሠልጣኙ ከምክሩ ጋር የሚዋጥ ነገር ሰጥቶታል? ኤምኬ-677 የሚባል በአንዳንድ ጂም የሚዞር ነገር አለ። የግሬሊንን በር የሚከፍት ሰው ሠራሽ ቁልፍ ነው። ለሕክምና ፈቃድ አላገኘም። የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ ውኃ ያስቋጥራል፣ የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል። በዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ዝርዝርም የተከለከለ ነው። ሯጭ መሆን የሚፈልግ ልጅ ገና ሳይጀምር እንዳይታገድ።

ምርመራ ላይ ደግሞ ገንዘብዎን እንዳያባክኑ። አንድ ወጣት አንዴ ወረቀት ይዞ መጣ። በአንድ ላብራቶሪ የእድገት ሆርሞኑን አንድ ጊዜ አስለክቶ «ዝቅተኛ» ብለው ሰጥተውታል። ሳምንት እንቅልፍ አጥቷል። ኧረ ማንም ሰው ጠዋት ቢለካ ዝቅ ሊል ይችላል! ሆርሞኑ በየተራ ነው የሚለቀቀው ብዬ የለ? በሁለት ምት መሃል ደም ከተቀዳ ምንም ያህል አይገኝም። የሚያስፈልግ ከሆነ ሐኪሙ በመጀመሪያ አይጂኤፍ-1 ያያል። እሱ ቀኑን ሙሉ ብዙ አይዋዥቅም። ግን አይጂኤፍ-1ም በማይበላ ልጅ ይወርዳል፤ ስለዚህ ለሐኪሙ የአመጋገቡን ነገር ሳይደብቁ ይንገሩ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ፒቱታሪን በመድኃኒት ቀስቅሶ የሚለኩ ናቸው። ለአዋቂዎች የግሬሊንን በር የሚያንኳኳ፣ በአፍ የሚጠጣ ማሲሞሬሊን የሚባል መመርመሪያ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ተፈቅዷል። ለልጅዎ አሁን ይህ ሁሉ አያስፈልግም ይሆናል።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ይወቁልኝ። አንደኛ፣ አባቱ ወይም አጎቱ ጉርምስናው ጀምሮ እንደሆነ ለብቻው ያናግሩት። ወንድ ልጅ 14 ሞልቶት አንድም የጉርምስና ምልክት ካላየ መመርመር አለበት። አባቱ ራሱ ዘግይቶ ያደገ ሰው ከሆነ፣ ልጁም የእሱን መንገድ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ዛሬ ማታ ጫማውን አውልቆ፣ ተረከዙን ከበሩ መቃን አስጠግቶ ይቁም። ራሱ ላይ ደብተር አግድመው በእርሳስ ያስምሩ፤ ቀኑንም ይጻፉበት። ከጉርምስና በፊት ያለ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ በጉርምስናው መሃል ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። በስድስት ወር ውስጥ ከሁለት ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሆርሞን የሚያይ ሐኪም ጋ ይውሰዱት፤ መስመሮቹንም በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይዘው ይሂዱ።